በመርከብ ውስጥ የቀረው ልጅ

ልጆች ሆይ፤ በጋምቤላ የሚኖር ሰው ሁሉ የባሮን ወንዝ ያውቀዋል። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። በክረምት ውኃው ሲሞላ ወንዙ ሰፊና ጥልቅ ይሆናል፤ በበጋ ግን ይጎድልና አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። በቀድሞ ዘመን ውኃው በሞላ ጊዜ በእንፋሎት ኀይል የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። አጤ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፥ በባሮ ዳር ለንግድ የሚሆን ስፍራ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጥቶ ነበርና። የስፍራውም ስፋት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ በውሉ ተጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ የንግዱ ጣቢያ በጋምቤላ ቆመ። ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት፥ ይኸውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1956፥ ስፍራው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

በዚያን ዘመን ከጎሬና ከቡሬ ደጋ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ተጭኖ ያን አስቸጋሪ ቁልቁለት ይወርድ ነበር። ቆዳና ሰምም አብሮ ይመጣል። በመርከቡ ደግሞ ጨውና አቡጀዲ ይደርሳል። ተሸካሚው ብዙ ቀን ተጉዞ ሸክሙን በወንዙ ዳር ካወረደ በኋላ ጥቂት ክንድ አቡጀዲና ጥቂት ጨው ይዞ ያንኑ ዳገት መልሶ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቡናውን ለቅሞና ተሸክሞ ያመጣው ሰው ይህን ያህል ደክሞ ሳለ፥ ስለ ምን ጥቂት ጨርቅ ብቻ አገኘ? ጨርቁን የላከውስ ሰው ስለ ምን ባለጠጋ ሆነ?

ይህን ጥያቄ በአማርኛ መጽሐፍ አስፍተው ከመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ቀዳሚው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸው የባሮ ዳር ሰው አይደሉም፤ የትውልድ አገራቸው ከጋምቤላ እጅግ የራቀው የትግራይ ምድር ነው። ስለ መርከብና ስለ ሸቀጥ ማሰብ የጀመሩት በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለማወቅ ግን የልጅነታቸውን ታሪክ መስማት ይገባል።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአድዋ አውራጃ ተወለደ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ ንጉሠ ነገሥት የነበሩት አጤ ዮሐንስ ነበሩ። የልጁም አባት ባይከዳኝ ከእርሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፥ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ በመተማ ከደርቡሾች ጋራ ተዋግተው ወደቁ። ባይከዳኝም በዚያው ጦርነት ሞተ። ንጉሡ ሲሞቱ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ በአንድ ትንሽ ቤት ግን የደነገጠችው እናት ስለ ንጉሡ ብቻ አልነበረም ያለቀሰችው።

ያ ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ነው። የከብት በሽታ በአገሩ ገብቶ በሬዎች አለቁ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስምና ረኃብ ሆነ። ረኃብ ባለበትም ሌላ በሽታ ተጨመረ። ኢጣልያኖች ደግሞ ከባሕሩ ወደ ላይ ወጥተው አስመራን ያዙ፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1890 መባቻ ያገኙትን አገር ኤርትራ ብለው ሰየሙት። አባት የሌለው ልጅ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ብዙዎች በየመንገዱ ቀርተዋል።

ገብረ ሕይወት ግን በሰባት ዓመቱ ገደማ ወደ ምጽዋ አጠገብ ወደ ምንኩሉ ደረሰ፤ በዚያም ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። የስዊድን ወንጌላውያን ወደ ምጽዋ የመጡት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1866 ነው። ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ አስበው መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው በባሕሩ ዳር ተቀምጠው ልጆችን ያስተምሩ ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ እንደ ከብት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ በምጽዋ ነጻ ከወጣ በኋላ የተማረው በእነርሱ ዘንድ ነው። ኦኔሲሞስ አስቴር ጋኖ ከምትባል ሴት ጋራ ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አወጣ፤ በኋላም ለጋምቤላ ጎረቤት በሆነው በወለጋ በነቀምት አስተማረ። የታሪክ ጸሐፊው አለቃ ታየም የምንኩሉ ተማሪ ነበሩ። ምንኩሉ ሙቀቷ የሚያቃጥል ትንሽ መንደር ነበረች፤ ከእርስዋ የወጡት ሰዎች ቍጥር ግን ያስደንቃል።

ገብረ ሕይወት በዚያ ፊደልና ንባብ ተማረ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ምጽዋ ወደብ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ወደቡም ለልጅ ዓይን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። መርከቦች ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ አውሮጳ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ይመጣሉ። ጭስ ይወጣቸዋል፤ በነፋስ ሳይሆን በራሳቸው ኀይል ይንቀሳቀሳሉ። በበሬ ሲታረስና በአህያ ሲጫን ብቻ ያየ የደጋ ልጅ ይህን ሲያይ እንዴት ዝም ይላል?

እንደሚነገረው፥ አንድ ቀን ገብረ ሕይወት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋራ ወደ ወደቡ ወርዶ አንዱን መርከብ ገብተው እንዲያዩ የመርከቡን አለቃ ለመኑት። አለቃውም ፈቀደላቸው። ልጆቹ ገብተው ሁሉን ተመለከቱ። መውረጃ ሰዓት ሲደርስ ጓደኞቹ ወረዱ፤ ገብረ ሕይወት ግን ሳይወርድ ቀረ። መርከቡም መልሕቁን አንሥቶ ወደ ባሕሩ ከገባ በኋላ ልጁ ተገኘ።

ይህን ያነበበ ልጅ ሁሉ በመርከብ ውስጥ ይሸሸግ ማለት አይደለም። እንዲህ አድርገው ከሄዱት መካከል ስማቸው የጠፋው ይበዛል። ገብረ ሕይወትም በዚያች ሌሊት ፈርቶ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? እናቱ በየብስ ነበረች፤ ወሬውም ወደ እርስዋ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

የመርከቡ አለቃ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን አልጣለውም፤ ባሪያም አላደረገውም። ለአንድ ባለጠጋ ኦስትርያዊ አደራ ሰጠው፤ ያም ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ እንደ ልጁ አሳደገው። አስተማረውም። ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ ቋንቋን እንደ አገሩ ቋንቋ አወቀ፤ ካደገም በኋላ ወደ በርሊን ሄዶ በዚያ በታላቁ ትምህርት ቤት የሕክምና ትምህርት ተማረ።

ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ታሪክ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ይገኛል። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ትገዛ በነበረበት ጊዜ፥ በ1744 በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ጆን ሃንኮክ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ አባቱ ሞተበት። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንጂ ባለጠጋ አልነበረም። ቶማስ የሚባለው አጎቱ ግን በቦስተን ከተማ መጻሕፍት በመሸጥ ጀምሮ ኋላ ብዙ መርከቦች ያሉት ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ ልጅም አልነበረውም። ጆንን ወስዶ አሳደገው፤ አስተማረው፤ ሒሳብና የንግድ ደብዳቤ መጻፍ አለማመደው። በ1764 አጎቱ ሲሞት አብዛኛው ሀብቱ ለጆን ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች በአሜሪካ ሰዎች ላይ ያለ ፈቃዳቸው ቀረጥ ሲጥሉ፥ በ1768ም ትርጓሜዋ ነጻነት የሆነችውን ሊበርቲ የምትባል መርከቡን የጉምሩክ ሹማምንት ሲይዙበት፥ ይህ ነጋዴ ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ቆመ። በ1776 የነጻነቱ ጽሑፍ ሲወጣ የጉባኤው አለቃ እርሱ ነበርና በላዩ ትልቅ አድርጎ ስሙን ጻፈ። ባደገበት ቤት ግን ባሮች ያገለግሉ ነበር፤ ያም የነጻነት ጽሑፍ ባሮችን ነጻ አላወጣም። ይህን መተው እውነትን መሸሸግ ይሆናል።

ሁለቱም ልጆች አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጡ፤ ሁለቱንም ባለጠጋ ሰው አሳደጋቸው። ነገር ግን ሃንኮክ መርከቦችን ወረሰ፤ ገብረ ሕይወት በመርከብ ውስጥ ተደበቀ። ሃንኮክ ያደገው በገዛ አገሩና በገዛ ዘመዱ ቤት ነው። ገብረ ሕይወት ግን በእንግዳ አገር በእንግዳ ቤት አደገ፤ ፊቱን የሚመስል ሰው በማይገኝበት ስፍራ።

ገብረ ሕይወት ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተወለደበት አውራጃ የአድዋ ጦርነት ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ኢጣልያኖችን ድል አደረገ። ወሬው በአውሮጳ ከተሞች ሁሉ ተሰማ። በበርሊን ተማሪ በነበረ ጊዜም ገብረ ሕይወት በዓይኑ የሚያየው ነገር ብዙ ነበር፤ ፋብሪካው፥ የባቡሩ ሐዲድ፥ በየመንደሩ ያለው ትምህርት ቤት፥ ተጽፎ የታወቀው ሕግ። አገሩ በጦርነት ማሸነፍ እንደምትችል ዓለም አይቷል። ያ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀው ነበር። በጦር ያልተያዘች አገር በዕውቀት ማነስና በንግድ ልትያዝ እንደምትችል አስተዋለ።

እዚህ ላይ ስለ አባቱ ስም ጥቂት መናገር አይከፋም። ባይከዳኝ የሚለው ስም ተስፋና ሥጋት ያለበት ስም ነው፤ ጥሎኝ ባይሄድ እንደ ማለት ነው። ገብረ ሕይወት ሐኪም ሆኖ በአውሮጳ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ያሳደጉት ሰዎች ያሉት በዚያ ነው፤ የተማረው ትምህርትም እንጀራ ያበላዋል። እርሱ ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። አፉን የፈታው በትግርኛ፥ የተማረው በጀርመንኛ ሲሆን፥ ለአገሩ ሰዎች የጻፈው ግን በአማርኛ ነው። ንጉሡም ታመሙ፤ በቤተ መንግሥት ውስጥ መከፋፈል ሆነ። ሐሳቡን በግልጽ ለሚናገር ወጣት ያ ጊዜ የተመቸ አልነበረም፤ ገብረ ሕይወት ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሱዳን ሄደ። የባሮ ውኃ ወደሚወርድበት አገር ማለት ነው። ኋላም ወደ ኤርትራ ተሻገረ።

በስደት ሳለ ብዕሩን አነሣ። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፉ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1912 በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ወጣ። ልጅ ሳለ ፊደል ያስቈጠሩት ሰዎች ያደገውን ሰው ቃል አተሙለት። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለመኳንንቱ ደስ የማይል ብዙ ነገር አለ። ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ይቈረጥለት አለ። ግብሩ በልክ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል አለ። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት ይለይ አለ። ሕግ ተጽፎ ይታወቅ፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ሰው በሃይማኖቱ አይጨነቅ አለ። ኢትዮጵያም ጃፓን ትምህርትን ተቀብላ እንደ በረታች እንድታደርግ መከረ። ይህን ሲጽፍ ዕድሜው ከ26 ዓመት አይበልጥም ነበር።

ከዚህ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ አገሩ ተመልሶ ሹመት ተቀበለ። የጅቡቲ ባቡር ተቈጣጣሪ ሆነ፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1916 ገደማም በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ነጋድራስ ተባለ። ነጋድራስ ማለት የነጋዶች ራስ ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ነጋድራስ ነጋዶችን ይመራል፤ ክርክራቸውን ያያል፤ ቀረጡንም ይሰበስባል። ብዙ ገንዘብ በእጅ የሚያልፍበት ሹመት ስለ ሆነ በዚህ ስም ባለጠጋ የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ድሬዳዋ በምሥራቅ በኩል ለባቡር እንደ ጋምቤላ በምዕራብ ለመርከብ ነበረች። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በጉምሩኩ በር የሚወጣውንና የሚገባውን ያዩ ነበር። የሚወጣው ቡናና ቆዳ ነው፤ የሚገባው ጨርቅና የብረት ዕቃ ነው። ሌላው ሹም ይህን አይቶ ቀረጡን ብቻ ይቈጥራል። እርሳቸው ግን ቀረጡ ከተቈጠረ በኋላ የቀረውን ነገር ያስቡ ነበር። ያንን ሐሳባቸውን መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፍ ጻፉት።

የመጽሐፉ ነገር ለሕፃን እንዲገባ በምሳሌ ቢነገር እንዲህ ይሆናል። ሁለት ሸማኔዎች አሉ እንበል። አንዱ በእጁ እንዝርት በተፈተለ ጥጥ አንድ ጋቢ ለመጨረስ ብዙ ሳምንት ይደክማል። ሁለተኛው መኪና አለው፤ ያንኑ ያህል ጨርቅ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወጣል። ሁለቱ ወደ ገበያ ሲመጡ ገዢው የመጀመሪያውን ሸማኔ ድካም አይቈጥርለትም፤ ርካሹን ጨርቅ ይገዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ሽመናውን ትቶ ቡና ለመልቀም ይሄዳል፤ የለቀመውንም ቡና ለባለ መኪናው ሰጥቶ የእርሱን ጨርቅ ይለብሳል። የብዙ ቀን ሥራ ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ ተቀበለ ማለት ነው። ማንም በጅራፍ አልመታውም፤ ማንም ዕቃውን አልቀማውም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተለያዩ፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ሲሠራ ዋለ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብለው አስረዱ። የአገር ሀብት በሣጥን የተቀመጠ ወርቅና ብር አይደለም፤ የሕዝቡ ሥራና ዕውቀት ነው አሉ። ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገዛ ሕዝብ፥ ባንዲራው የራሱ ቢሆንም ሌላውን ያገለግላል። ስለዚህ ልጆች እጅ ሥራና ጥበብ ይማሩ፤ በየወንዙና በየበሩ ነጋዴን የሚያቆመው ኬላ ይቅር፤ ገንዘቡም አንድ ዓይነት ይሁን የሚል ነበር ምክራቸው። በዚያን ጊዜ በአንዱ ገበያ ጠገራ ብር፥ በሌላው አሞሌ ጨው፥ በሌላው ጥይት እንደ ገንዘብ ይሄድ ነበርና።

ይህን ምክር ያሰቡት በኪራይ የተሰጠው የጋምቤላ ጣቢያ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። በባሮ ላይ መርከቡ ቡናውን ጭኖ ሲወርድ፥ በድሬዳዋ ባቡሩ ቡናውን ጭኖ ወደ ባሕር ሲሄድ፥ በመካከል ሆነው የሁለቱን ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስቡ ሰው ነበሩ። ኢጣልያኖች የያዙት የአድዋ ጎረቤት አገር በመድፍ መያዙን በልጅነታቸው አውቀዋል፤ ያለ መድፍ የሚሆነውን ደግሞ በጉምሩኩ በር ቆመው አዩ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት መጽሐፉ ታትሞ ለማየት አልደረሱም። በ1911 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 33 ዓመት ገደማ ሳለ ሞቱ። የተወለዱት በአድዋ፥ ያነበቡት በምንኩሉ፥ ያደጉት በኦስትርያ፥ የተማሩት በበርሊን፥ የተሰደዱት በሱዳን ሲሆን፥ ይህ ሁሉ በ33 ዓመት ውስጥ አለቀ። ጽሑፉ ከእርሳቸው በኋላ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። በ1995 በአውሮጳ አቈጣጠር ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በለንደን ከተማ ወጣ፤ በዚያም የሩቅ አገር ሰዎች በምጽዋ ከመርከብ ያልወረደው ልጅ ስለ ንግድ ምን እንዳሰበ አነበቡ።